ለሌለ ሰው ፍሬን አይያዝም

ጭላት የሚባለው ባቡር ላይ ተሳፍራችሁ ከሆነ እኔን አይታችሁኛል፤ አላስተዋላችሁኝም እንጂ። ሻይ ያቀረብኩላችሁ፣ ከፍታው ሲያዞራችሁ ሎሚ ያስሸተትኳችሁ፣ «በስተግራ በኩል ዋልያዎቹን ይመልከቱ» ያልኳችሁ ሴት እኔ ነኝ። አንጓች እባላለሁ። ስሜን ደረቴ ላይ ለጥፈውታል፣ ግን ማን ያነበዋል? እዚህ ባቡር ላይ የሚወጣው ሰው ተራራ ሊያይ ነው። ሰው ማየት ያማረውማ ገበያ ይወጣል።

ጠዋት ጠዋት ሥራችን መስኮት መወልወል ነው። እንግዶች ከመግባታቸው በፊት እያንዳንዱን ፉርጎ በለስላሳ ጨርቅ እናብሳለን፤ ጭረት ከተገኘ ከደመወዝ ነው። መስኮቱ ውድ ነው፤ ሰው አያሳይም። ተራራው ይታያል፣ የጅብራው ተክል ይታያል፣ ጭላዳ ዝንጀሮው ልጁን አዝሎ ሣር ሲነጭ ይታያል። ጎጆ ያለበት ቦታ ሣር ሆኖ ይታያል። ጭስ ካለ ጉም ይሆናል። ሰው ግን ምንም አይሆንም፤ ከጀርባው ያለው ድንጋይ ብቻ ይታያል። ማስታወቂያው «ያልተነካ ምድር» ይላል። የነካነውማ እኛ ነበርን፤ እናቴ እዚያው ምድር ላይ ገብስ ስታጭድ ነው ምጥ የያዛት።

ከዚያ ተራራ ሰው ከተነሣ ሃያ ዓመት አልፎታል ይባላል። ይባላል ነው የምለው። ሁሉም አልተነሣም። አልነሣም ብሎ ገደል ለገደል የቀረ አለ፤ ከታች ሰፈራው አልስማማው ብሎ ተደብቆ የተመለሰም አለ። ጥበቃዎች ካገኙት ያወርዱታል። ካላገኙት ደግሞ የለም ማለት ነው፤ በመስኮቱ አይታይማ።

እኔ ግን አያለሁ። የመጨረሻው ፉርጎ የኋላ በር ላይ የነበረውን መስታወት ከዓመታት በፊት ከገደል የተንከባለለ ድንጋይ ሰበረው። ተተኪው ከውጭ እስኪመጣ ተብሎ ነጂያችን ዋሴ ከተዘጋ ዳቦ ቤት ያገኘውን ተራ መስታወት ቆርጦ ገጠመበት። ተተኪው እስካሁን ሊመጣ ነው። ሽንት ቤቱ አጠገብ ስለሆነ እንግዶች እዚያ አይቆሙም። እኔ እቆማለሁ። አባቴን የማየው በዚያ በዳቦ ቤት መስታወት ነው።

አባቴ አዛናው ይባላል። እሺ ማለት የማያውቅ ሰው ነው። ሰዉ ሲነሣ እኔ ኩፍኝ ይዞኝ እያቃጠለኝ ስለነበር እናቴ ጠጄ እኔን አዝላ ሐኪም ፍለጋ ከሰፈራው መኪና ላይ ወጣች። እሱ አልወጣም። «የአባቴን አጥንት ለዝንጀሮ ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አለ። ተጣልተው አይደለም የተለያዩት፤ እናቴ እስከ ዛሬ በዚህ አትታማም። መኪናው ሲነሣ እሷ፣ «ሞቴን ከሰማህ ግን ወርደህ ቅበረኝ» አለችው። እሱም፣ «ሳልቀብርሽማ ምን ሆኜ» አላት። በቃ፣ የተነጋገሩት ይኸው ነው።

አድጌ ባቡሩ ላይ የተቀጠርኩትም ለዚሁ ነው። ያኔ ዩኒፎርማችን ጥቁር ሱሪና ሸሚዝ ነበር፤ የራሴን ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል ሳደርግ የሚናገረኝ አልነበረም። የጅብ ራስ የምንለው ቋጥኝ አለ፤ ባቡሩ ዞሮ ሽቅብ የሚጠማዘዝበት። አባቴ የባቡሩን ቀን ያውቃል። ቋጥኙ ላይ ይቆማል። ነጠላዬን ያያል። ጥለቱ ወደ ታች ከሆነ ሁላችንም ደህና ነን ማለት ነው፤ ዱላውን ከፍ ያደርግልኛል። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊቴ ከመጣ ለቅሶ ነው፣ ጠጄ አርፋለች ማለት ነው። ይህንን ማንም አላስተማረንም፤ ነጠላ ገልብጦ ለቅሶ መቀመጥን የማያውቅ ያገር ልጅ የት አለ?

አለ እንጂ! ኤፍራታ አለች።

ኤፍራታ አለቃችን ናት። ልጅ ናት፣ ክፉ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ያለፈው ጥቅምት አዲስ ዩኒፎርም ይዛ መጣች፤ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው። ነጠላው ቀሚሱ ላይ ተሰፍቷል። ጥለቱ ስንዝር ይሆናል፣ ክሩ እንደ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ የተሰፋውም ወደ ላይ፣ አንገትና አገጭ ዙሪያ ነው።

«ኤፍራታዬ፣» አልኳት፣ «ይሄ እኮ የለቅሶ አለባበስ ነው።»

«አንቺ ደግሞ አንጓችዬ! ፊትን እንዴት እንደሚያፈካው አየሽ? ታች ሲሆን ካሜራ ውስጥ አይገባም።»

«ሰው የሞተብን ነው የምንመስለው።»

«ለማን? እንግዶቹ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ተራራው ላይ ደግሞ ሰው የለም።»

ምን ይባላል? አለ ብል አባቴን ጥበቃ ሊያወርደው ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ቤቴ ወስጄ ስፌቱን በመርፌ ፈታሁት፤ በማግስቱ አይታ በማሽን አስደግማ ሰጠችኝ፣ ሁለተኛ እንዳይለመድሽ አለችኝ፣ እየሳቀች። እኔም መላ እስካገኝ ወደ ኋላው በር አልሄድም ብዬ ቆረጥኩ። አንድ ሁለቴ ባያየኝ ታመመች ይላል እንጂ ሌላ አይጠረጥርም።

አዲሱን ልብስ ለብሰን በወጣንበት የመጀመሪያ ቀን ኤፍራታ ቪዲዮ ልታነሣን ፈለገች። ፉርጎ ለፉርጎ ስታዞረን ቆየች፤ የትም ብርሃኑ አልጥም አላት። መጨረሻ ላይ ሽንት ቤቱ ጋ ደርሳ፣ «ውይ! እዚህ ብርሃኑ እውነተኛ ነው!» ብላ ጮኸች።

እንዴት እንደለመንኳት አልነግራችሁም። አሞኛል አልኩ፣ እንግዳ ይጠራኛል አልኩ። እጄን ይዛ መሐል አቆመችኝ። ከግራዬም ከቀኜም ባልደረቦቼ ቆሙ፤ ሦስታችን ጀርባችንን ለመስታወቱ ሰጥተን፣ ጥለታችን አንገታችን ላይ እያብለጨለጨ። ጠበብ ያለ ቦታ ስለሆነ ግማሽ ፊታችንን ወደ ውጭ እንድናዞር አዘዘች። ባቡሩ መጠማዘዝ ሲጀምር በእግሬ ታወቀኝ። ዞርኩ።

አባቴ ቋጥኙ ላይ ነበር። ዱላውን ሊያነሣ ጀምሮ መሐል መንገድ ላይ ተወው። ጎንበስ ብሎ ትኩር አለ፤ ዐይኑ አልከዳውም፣ ምነው በከዳው! ሦስት ሴቶች ነጠላ ገልብጠን ቆመናል፤ ሙሉ ለቅሶ ነን። ዱላው ከእጁ ወደቀ። ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፎ ደረቱን ይመታ ጀመር። እየጮኸ ነበር መሰለኝ፣ አፉ ተከፍቷል። እኔ መስታወቱን በሁለት እጄ እየደበደብኩ «አለች! አባዬ፣ አለች!» እላለሁ። ጥለቱን ወደ ታች ልገለብጥ ስታገል ስፌቱ አልላቀቅ አለኝ። ከዚያ ኩርባው መጣና ቋጥኙ ተሸፈነ።

«ቆይ ቆይ፣» አለች ኤፍራታ ዐይኗን ከካሜራዋ ሳታነሣ፣ «አንጓችዬ ተንቀሳቀስሽ። እንደገና እንውሰደው።»

ጭላት በዚህ ጎን ወጥቶ በወዲያኛው ጎን ነው የሚወርደው፤ ዞሮ ስለማይመለስ የዚያን ቀን ሁለተኛ ላየው አልቻልኩም። በማግስቱ ደግሞ ባቡሩ ለጽዳት ይቆማል። እኛ ወደ ሰፈራው ወረድን፤ እሱ ተራራው ላይ ሐዘኑን ይዞ ቀረ።

እናቴ ቤት ስገባ ምስር እየለቀመች ነበር። ነገርኳት። ትሪውን እንደያዘች ሳቀች።

«በቁሜ ገደላችሁኝ በይኛ! ሞት ቢዘገይ የቀረ ይመስላል ሲባል እናንተ አፋጠናችሁት?»

«እማዬ፣ አትሳቂ። ሊወርድ ነው።»

«ይወርዳል እንጂ!» ሳቋ ቆመ። «እሱ አንዴ ከተነሣ በሬ አይመልሰው። ቀብር አለብኝ ብሎ ይወርዳል። በየት ይወርዳል? የበቅሎው መንገድ የታለ?»

የበቅሎው መንገድ የለም። ሐዲዱ ነው የተዘረጋበት። ተራራውን ለሐዲዱ የሰነጠቁበት የድንጋይ ቆረጣ ጋ ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው፤ ሰው መሄድ ከፈለገ ሐዲዱ ላይ ነው የሚሄደው።

«በሐዲዱ ይወርዳል በይኝ፣» አለች እናቴ ሐሳቤን አይታ። «ይውረድ። ለቅሶኛን ማን ይገጫል? ባል ሚስቱን ሊቀብር ሲሄድ መንገድ ይለቀቃል። ባገራችን ላለቀሰ ሰው ሹፌር ቆሞ ያሳፍራል። እጁን ካነሣ ያቆሙለታል።»

«እማዬ፣ ያ ድሮ ነው።»

«ሰው ድሮም ሰው ነው፤ አሁንም ሰው ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ጉልበቱ በሽተኛ ነው፤ በዚያ ላይ የሞተችበት ሰው ስንቅ አይዝም። እዚያው ቋጥኝ ላይ ተኝቶ በብርድ እንዳይቀርብኝ። ሞተሽ የለም እንዴ? ሲለኝ የት ሄጄ አለሁ ልበለው?» ትሪውን አስቀመጠች። «ውሰጂኝ። በዚያ በዳቦ ቤታችሁ መስታወት ልቁምለት። በቁሜ ይየኝ።»

ድርጅቱ ለሠራተኛ አንድ የቤተሰብ ጉዞ ይሰጣል፤ በሥራ ዘመን አንዴ። እኔ ለፋሲካ ነበር ለእሷ ያቆየሁት። ኤፍራታን ደውዬ ስለምናት ደስታዋ ወሰን አጣ። እናትሽ በባህል ልብስ ይምጡልኝ እንጂ፣ ቪዲዮው ውስጥ አስገባቸዋለሁ አለች።

እናቴ በዕረፍቱ ቀን ጸጉሯን ተሠራች። እናንተዬ፣ ጎረቤት ሁሉ ወይ ጉድ አለ! ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት እንደ ሙሽራ ሹሩባ ተሠርታ፣ ከሣጥኗ ሥር ያለውን ቀሚስ አውጥታ፣ ነጠላዋን አሥር ጊዜ ለብሳ አሥር ጊዜ አወለቀች። ጥለቱ ቁልቁል መውረዱን እኔን ሦስት ጊዜ አስፈተሸችኝ። «ከሩቅ ይታያል?» ትለኛለች። ይታያል እማዬ፣ እላታለሁ። «ፊቴስ? አርጅቻለሁ፣ ሌላ ሴት ናት እንዳይል።»

የጉዞው ዕለት እሷን ከማሳፈሬ በፊት ወደ ዋሴ ሮጥኩ። የነጂ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል።

«ዋሴ፣ በሞትኩት፣ ዛሬ ቀስ በልልኝ። አባቴ ሐዲዱ ላይ ሊሆን ይችላል።»

ዋሴ ስለ አባቴ ያውቃል። ማኘኩን አቆመ። «አንጓች እህቴ፣ እኔ የማየው እንግዶቹ የሚያዩትን ነው። ፊት ለፊት ያለውም ያው መስታወት ነው። ይኸው፣ እይ።»

አየሁ። ከፊታችን ሐዲዱ ይታያል፤ ሐዲዱን ሲጠግኑ የነበሩት የመንገድ ሠራተኞች ግን የሉም። አፈሩ ብቻውን ይዛቃል።

«ድሮ ነጂዎች ሰው እያዩ ይቆሙ ነበር፤ እንግዳ እየዘገየ አስቸገረ፣» አለኝ። «አሁን ጭላዳ ካየ ባቡሩ ራሱ ይቀንሳል። ዋልያ ካየም ይቆማል። ለሌለ ሰው ፍሬን አይያዝም ይላል መመሪያው።»

«ጡሩምባስ?»

«ጡሩምባም ከለከሉ። ሰዉ የመጣው ለዝምታው ነው።» ዳቦውን ወደ ፌስታሉ መለሰ። «እኔ ግን እነፋለሁ። ያባሩኝ።»

እግዜር ይስጠው፣ ነፋም። ከጣቢያው እንደወጣን መንፋት ጀመረ፤ ከመጀመሪያው ዋሻ ሳንደርስ ኤፍራታ በስልክ እየጮኸች ወደ ፊት ሮጠች። ከዚያ በኋላ ጡሩምባው አልተሰማም። እንግዶች በጆሯቸው ላይ የያዙትን እጅ አወረዱ፣ ባቡሩ እንደ ቅቤ እየተንሸራተተ ወጣ። ውጭው እንዴት ያምር ነበር! የአስታው ቁጥቋጦ ላይ ጤዛ አለ፣ ጉሙ ከሸለቆው ይነሣል። አንዲት እንግዳ እያለቀሰች ባሏን «ማንም የለም፣ ማንም!» ትለዋለች።

እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና በመስኮቱ ስታይ ቆየች። አገሯን ከሃያ ዓመት በኋላ ማየቷ ነው።

«ያ የነማሩ ሜዳ ነው፣» አለችኝ። «ቤታቸውስ?»

«መስኮቱ ነው እማዬ።»

«ቤተ ክርስቲያኑስ? ጣሪያው አይታይም?»

«እሱም መስኮቱ ነው።»

«እኛስ የተቀበርንበት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የወላጆቿን መቃብር ማለቷ ነው። እጇን ይዤ ወደ ኋላ ወሰድኳት፤ ከጅብ ራስ ገና ብዙ ኩርባ ይቀረን ነበር፤ ግን እንግዶቹ መሐል ስታለቅስ ኤፍራታ እንድታያት አልፈለግሁም።

የኋላው በር ጋ ስትደርስ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። በዳቦ ቤቱ መስታወት የነማሩ ቤት ፍርስራሽ ታየ፤ ከፍርስራሹ አጠገብ ትንሽ ጭስ፣ ከጭሱ አጠገብ ሕፃን የያዘች ሴት። «አለች እኮ! አሉ እኮ!» ብላ ትከሻዬን መታችኝ፣ እንደ ልጅ። ነጠላዋን አስተካከለች። እጇን ማንሣት ተለማመደች፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ፣ «አይ፣ ሁለቱንም ነው የማነሣው፣ እርግጠኛ እንዲሆን» አለች። ጉንጯ ቀልቶ ነበር። እናቴን እንደዚያ ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም።

ድንጋይ ቆረጣው ውስጥ ገባን። ጨለም አለ፤ ግራና ቀኝ ጥቁር ግድግዳ። ከዚያ ከፊት በኩል አንድ ነገር ገጭ አለ። ትንሽ ነው። ሻይ አልፈሰሰም።

በግድግዳው ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ ኤፍራታ ዋሴን ስትጠይቀው ተሰማ። «ምንድነው ዋሴ? ጭላዳ ነው?»

«ጭላዳ ቢሆን አየው ነበር፣» አለ ዋሴ። «ጭላዳ ቢሆንማ ይቆም ነበር።»

«ድንጋይ ነዋ። ቀጥል።»

እኔና እናቴ መስታወቱ ላይ ነን። ሐዲዱ ከእግራችን ሥር እየወጣ ወደ ኋላ ይሮጣል። መጀመሪያ ዱላው ወጣ፤ ተሰብሯል። ከዚያ ጋቢው። ጋቢው ባዶ አልነበረም። ራስ ላይ እንደተከናነቡት ነው፣ ለቅሶኛ እንደሚከናነበው።

«አቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። የአደጋ መጥሪያውን በቡጢ መታሁት። ኤፍራታ እየሮጠች መጣች፤ በእጇ የኋላውን ካሜራ የሚያሳየው ሰሌዳ አለ። «ምን ሆነሽ ነው? እንግዶች እያስደነገጥሽ! ይኸው እይ፣ ምንም የለም እኮ!» እውነቷን ነው፤ ካሜራውም እንደ መስኮቱ ሰው አያሳይም። ሰሌዳው ላይ ሐዲዱ ንጹሕ ነው፣ በሐዲዱ መሐል ቢጫ አበባ በቅሏል። በመስታወቱ እንድታይ ራሷን ይዤ ወደ ውጭ ሳዞር ቆረጣውን ጨርሰን ታጥፈን ነበር።

እናቴ አልጮኸችም። ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልችለው። እሷ እኮ በሰፈሩ ለሞተ ሁሉ ሙሾ አውጪ ናት፤ አንድ መንደር የምታስለቅስ ሴት ናት።

«ጋቢው የኔ ፈትል ነው፣» አለችኝ ብቻ። «እኔን ሊቀብር እየመጣ ነበር። እጁን አንሥቶላቸው ነበር?»

«አላውቅም እማዬ።»

«አንሥቶላቸዋል። ያቆሙልኛል ብሎ ነው ከመሐል የቆመው።»

የጅብ ራስ ደረስን። ቋጥኙ ባዶ ነበር። እናቴ ግን ቀና ብላ ቆመች፤ ሁለቱንም እጇን አነሣች፣ እንደተለማመደችው። ኩርባው ቋጥኙን እስኪሸፍነው ድረስ እንዳነሣች ቆየች። ከዚያ እጇን አወረደችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ገለበጠችው። ጥለቱን አምጥታ ፊቷ ላይ አደረገች። ቀስ ብላ፣ ሳይዛነፍ።

ኤፍራታ ይህን አየች። ቁጣዋ ሁሉ ጠፋ፤ ካሜራዋን አወጣች።

«ውይ እማማ፣ ሲያምርብዎ! አየሽ አንጓችዬ፣ እናትሽም ገባቸው!»

አቤት ብንል ጥበቃዎች ሄደው ነበር፤ ቆረጣው ውስጥ ምንም አላገኘንም ብለው ተመለሱ፤ እኛን ግን ወደዚያ አላስገቡንም። ዋሴ በዚያው ሳምንት ሥራውን ተወ፤ በእሱ ቦታ ሰው አልተቀጠረም፣ አያስፈልግም ተባለ። ለቅሶውን ያለ ሬሳ ነው የተቀመጥነው። ጎረቤት «የት ተቀበረ?» ሲል እናቴ «መንገድ ላይ» ትላለች። ሹሩባዋን እስካሁን አልፈታችውም።

ከውጭ ይመጣል የተባለው መስታወትም በመጨረሻ መጣ። የዳቦ ቤቱን አውጥተው ጣሉት፤ አሁን ከኋላም ማንም አይታይም። የእናቴ ቪዲዮ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት በየፉርጎው ይታያል፤ እንግዶች ያጨበጭቡላታል። እኔ ሻይ እያቀረብኩ አልፋለሁ። ስፌቱን መፍታት ትቻለሁ። ኤፍራታ አንገቴ ላይ ያለውን ጥለት ስታይ ጎሽ ትለኛለች፣ በመጨረሻ ለመድሽው ትለኛለች። እኔም፣ አዎ፣ ለመድኩት እላታለሁ።